ክሊፕን ፈታቶ ማየት፦ የሙዚቃ ቪዲዮ እንዴት ይመረመራል?

ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። እንጀራዬ ሰርግ ነው። ደንበኞቼ ግን ሲመጡ የሚያሳዩኝ ክሊፕ ነው። ሙሽራው ስልኩን ከኪሱ ያወጣና "እህቴ፣ ልክ እንደዚህ አርጊልኝ" ይለኛል። "ምኑን ነው የወደድከው?" ስለው "አሪፍ ነዋ!" ይላል። ሚዜዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አሪፍ የሆነው መብራቱ ይሁን አቆራረጡ፣ ልብሱ ይሁን ቦታው፣ እሱን ፈልጎ ማግኘት የእኔ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ክሊፕ ፈታቶ ማየት ሥራዬ ሆኗል። እንዴት እንደማየው ልንገራችሁ። ክሊፕ መሥራት ለሚያምራችሁም፣ ትምህርት ቤት "አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ ተንትናችሁ ኑ" ለተባላችሁም ይሆናል። ካሜራ አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፦ "ይሄ ባይኖር ምን ይጎድል ነበር?" ድሮኑ ባይኖር? ዝናቡ ባይኖር? ያቺ ልጅ ባትኖር? ምንም የማይጎድል ከሆነ ጌጥ ነው ማለት ነው። ጌጥ ኃጢአት የለበትም፤ ግን ጌጥ መሆኑ ይታወቅ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ክሊፕ ምረጡ። የምትወዱት ይሁን፤ ስሙ ሲነሳ የምትጣሉለት ዘፋኝ ባይሆን ግን ይመረጣል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት፤ አንዱን ክሊፕ በዳታ ደጋግሞ ማየት ካርድ ይጨርሳል። ኮምፒውተር ካገኛችሁ እሰየው። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን አቁማችሁ የነጥብ ቁልፍን ስትጫኑ አንድ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች አንዱ) ወደፊት ይሄዳል። የኮማ ቁልፍ ወደኋላ ይመልሳል። ስልክ ብቻ ካላችሁ ፍጥነቱን ወደ 0.25 ዝቅ አድርጉት። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የጆሮ ማዳመጫ። በቃ።

መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ሳታቆሙ እዩት። እንዳለቀ ዓይናችሁ ላይ የቀረውን ነገር ጻፉ። ያቺን ወረቀት አትጣሏት። በኋላ ሁሉን ፈታታችሁ ስታበቁ፣ ያን ነገር ለምን እንዳስታወሳችሁት መልሱን ትፈልጉበታላችሁ።

ዘፈኑን ብቻ፣ ከዚያ ምስሉን ብቻ

ስክሪኑን ገልብጡትና ዘፈኑን ስሙ። አብዛኛው ሰው ይህን ይዘላል፤ ክሊፕ ግን ዘፈን ካለቀ በኋላ የሚሠራ ነገር ነው። ምስሉ የመጣው ለዘፈኑ ብሎ ነው። ስለዚህ የዘፈኑን ካርታ ሥሩ፦ መግቢያው ስንት ሴኮንድ ነው? የመጀመሪያው ቨርስ የት ይጀምራል? አዝማቹ ስንት ጊዜ ይመለሳል? ማሲንቆው የት ይገባል? ከበሮው የት ዝም ይላል? ቅኝቱን መለየት ለምትችሉ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ እሱንም ጻፉ። ምቱን ደግሞ በጭብጨባ ለኩት። በ15 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳጨበጨባችሁ ቁጠሩና በ4 አባዙት። 30 ጊዜ ካጨበጨባችሁ በደቂቃ 120 ነው፤ አንዱ ምት ግማሽ ሴኮንድ ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ስለ አቆራረጥ ስናወራ ያስፈልገናል።

አሁን ደግሞ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ዘፈኑ ሲጠፋ የምስሉ ጉድ ሁሉ ይወጣል። አንዳንዱ ክሊፕ ያለ ድምፅም ታሪኩ ይገባችኋል። ሌላው ግን መኪና፣ ፀጉር፣ መነጽር፣ እንደገና መኪና ይሆናል። በደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ለዩ፦ ዘፋኙ የሚዘፍንበት፣ ተወዛዋዦች የሚወዛወዙበት፣ ታሪክ የሚተረክበት። ብዙ ክሊፖች ሦስቱንም ይቀላቅላሉ። ትልቁን ቦታ የያዘው የቱ ነው? ዘፋኙስ ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው የት ላይ ነው?

የዘፋኙ ፊት ቶሎ ቶሎ የሚመጣው በምክንያት ነው። ኤምቲቪ የተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1981 አሜሪካ ውስጥ ሥርጭት ሲጀምር ክሊፕ የሙዚቃ አሳታሚዎች ካሴትና ሸክላ የሚሸጡበት ማስታወቂያ ነበር። የሚሸጠው ሰው ፊቱ መታየት ነበረበት። ዛሬ ካሴቱ ቢጠፋም ልማዱ አልጠፋም። ስለዚህ ፊትን በቅርበት የሚያሳይ ሾት (ከአንዱ ቁርጥ እስከ ሌላው ያለ ምስል) ስታዩ ስሜት ለማሳየት ነው ወይስ ዘፋኙን ለማስተዋወቅ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።

አቆራረጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኔው ሙያ ስለሆነ።

አንድ ደቂቃ ምረጡና ምስሉ በተቀየረ ቁጥር ደብተራችሁ ላይ አንድ ጭረት አድርጉ። 30 ጭረት ከሆነ አንዱ ሾት በአማካይ 2 ሴኮንድ ይቆያል። ግን አማካይ ብቻውን ያታልላል። ቨርሱ ላይ 10፣ አዝማቹ ላይ 20 ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ልዩነቱ ነው። አዝማቹ ሲመጣ አቆራረጡ ከፈጠነ ኤዲተሩ ከዘፈኑ ጋር አብሮ እየጋለበ ነው። ዘፈኑ ሲፈጥን አቆራረጡ ከዘገየ ደግሞ ሆን ብሎ እየታገለው ሊሆን ይችላል፤ ያ ሲሳካ ደስ ይላል።

ቀጥሎ ቁርጡ ምቱ ላይ ያርፍ እንደሆነ እዩ። ጠረጴዛውን በጣታችሁ እየመታችሁ ተከታተሉ። ሁሉም ቁርጥ ምት ላይ ካረፈ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ይሰለቻል። ጎበዝ ኤዲተር አንዳንዱን ምት ያሳልፈዋል፣ አንዳንዱን ይቀድመዋል፤ ከዚያ ትልቁ ከበሮ ሲመታ ልክ እሱ ላይ ይቆርጣል።

የእኛን ጭፈራ ስትመረምሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እስክስታ የትከሻ፣ የአንገትና የደረት ነገር ነው። ትከሻው ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ድንገት ይቆማል። ያ መቆሚያው ነው ጣዕሙ። ኤዲተሩ ትከሻው ሊቆም ሲል ቆርጦ ወደ ድሮን ከሄደ ጭፈራውን ገደለው። በየግማሽ ሴኮንዱ የሚቆረጥ እስክስታ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ተወዛዋዡን ነው፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚቆረጠው ድክመት ለመሸፈን ነው። ትከሻ የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ካሜራ ከወገብ በላይ ይዞት ዝም ብሎ መቆም አለበት። ስለዚህ አንድ የእስክስታ ሾት ሳይቆረጥ ስንት ሴኮንድ እንደቆየ መዝግቡ። ከዳይሬክተሩ ማብራሪያ በላይ ይነግራችኋል።

ብዙ መቁረጥ ጎበዝ አያሰኝም፤ ትንሽ መቁረጥም አያሰንፍም። ኦኬ ጎ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ በ2006 (እ.ኤ.አ.) 4 አባላቱ በ8 የመሮጫ ማሽን ላይ ሲወዛወዙ የሚያሳይ ክሊፕ ሠራ። ካሜራው አንድ ቦታ ቆሟል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቁርጥ የለም። ዓለም ሁሉ አየው። እዚያ ላይ "ባይኖር ምን ይጎድላል?" የሚለውን ጥያቄ ገልብጡት፦ አንድ ቁርጥ ቢገባበት ምን ይጠፋ ነበር? ሁሉም ነገር። "እውነት ሳይሳሳቱ ሠርተውታል" የሚለው መደነቅ ይጠፋ ነበር።

ከንፈርና እጅ

ስሎ ሞሽን ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ብልሃት አለ። ዘፋኟ ስትራመድ ነጠላዋ በቀስታ ይንሳፈፋል፣ ፀጉሯ በቀስታ ይወርዳል፤ ከንፈሯ ግን ከዘፈኑ ጋር ልክ ነው። እንዴት? በአገራችን ቴሌቪዥን የተለመደው በሴኮንድ 25 ፍሬም ነው። በ50 ፍሬም ተቀርጾ በ25 ሲታይ እንቅስቃሴው ሁሉ በእጥፍ ይዘገያል፤ ከንፈርም አብሮ። ስለዚህ ቀረጻው ላይ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይከፈታል። የ4 ደቂቃው ዘፈን በ2 ደቂቃ ያልቃል። ዘፋኟ በዚያ የጫጩት ድምፅ እኩል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ፊቷ ላይ ግን ሐዘን መታየት አለበት። ቀረጻ ላይ ቆሞ ሳቅ መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ይህን ካወቃችሁ መመርመሪያው ቀላል ነው። ከንፈሩን ተዉትና ነጠላውን፣ ጉትቻውን፣ አቧራውን እዩ። እነሱ ዘግይተው ከንፈሩ ካልዘገየ ያ ሾት ታስቦበት፣ ዘፋኟም ተለማምዳ የተሠራ ነው። ከንፈሩም አብሮ ከዘገየና ከቃሉ ጋር ካልተስማማ ኤዲተሩ በኋላ ጎትቶ ያዘገየው ነው። ምስሉ ትንሽ የሚንተባተብ ከመሰለ ደግሞ ፍሬሙ አልበቃውም።

የመሣሪያ ተጫዋቹን እጅም አትርሱ። ማሲንቆ አንድ ጅማት ነው ያለው፤ ሁሉ ነገር የግራ እጅ ጣቶችና ደጋኑ ናቸው። ድምፁ ረጅም ሲሆን ደጋኑ አጭር አጭር ከሄደ ያ ሰው ማሲንቆ የያዘው ለፎቶ ነው። እኛ ከተማ ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አዝማሪ ቤት የሚያመሽ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጮክ ብሎም ይስቃል።

ብርሃንና ቀለም

ጥላ አይዋሽም። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የተቀረጸ ፊት ዓይኑ ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይኖረዋል። ጎንደር ላይ በተለይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ነው የምትቆመው፤ ጥላ እግር ሥር ይገባል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ የግንቡ ቡናማ ድንጋይ ወርቃማ ይሆናል። በአንድ ትዕይንት ውስጥ ያሉትን ሾቶች አነጻጽሩ። ልጁ "ነይ" ሲል ጥላው ረጅም፣ ልጅቷ ስትዞር ጥላዋ አጭር ከሆነ፣ ሁለቱ የተቀረጹት በተለያየ ሰዓት ነው። አንዳንዴ በጀት ያመጣው ነው። አንዳንዴ ቸልተኝነት ነው።

ነጭ ልብስ ሌላ ፈተና ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰች ልጅ ጥቁር ድንጋይ ፊት ስትቆም ካሜራው ይቸገራል። ለፊቷ ብርሃን ከሰጠ ነጠላው ተቃጥሎ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ለነጠላው ካዳላ ፊቷ ይጨልማል። እኔ ሁልጊዜ የማየው ጥለቱን ነው። የጥለቱ ክር በደንብ ከታየ፣ ፊቷም ካልጨለመ፣ እዚያ ቦታ አንድ ሰው ነጭ ጨርቅ ወይም ፎም ይዞ ብርሃን እየመለሰ ቆሟል ማለት ነው።

የማታ ትዕይንት ላይ ደግሞ ከኋላ ያለውን አምፖል እዩ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያያል። ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/60 ሴኮንድ ላይ ከተደረገ ምስሉ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይጓዛል፤ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ሲሆን ይጠፋል። መስመሩን ካያችሁ ካሜራው ለሌላ አገር መብራት እንደተስተካከለ ቀርቷል።

ቀለም አሰጣጥን በተመለከተ አጭር ልሁን። ግሬዲንግ እንደ ጨው ነው፤ ከታወቀ በዝቷል። የሰው ቆዳ ቀለም ብርቱካን ከመሰለ፣ የመስከረም ሣር ሰማያዊ ከሆነ፣ "ለምን?" በሉ። መልስ ካለው ጥሩ። ለምሳሌ ያለፈውን ጊዜ ከዛሬው ለመለየት ሊሆን ይችላል። መልስ ከሌለው አንድ ሰው ከኢንተርኔት ያወረደውን ፊልተር ለጥፎበታል።

ፍሬም

ፍሬም ስል እዚህ ላይ ካሜራው የሚያሳየውን ክልል ማለቴ ነው። ካሜራው ከየት ነው የሚያየው? ከታች ወደ ላይ ሲያይ ሰውን ያገዝፋል፣ ከላይ ወደ ታች ሲያይ ያሳንሳል። ይህን ሁሉም መጽሐፍ ይነግራችኋል። እኔ የምጨምረው እዚሁ ጎንደር ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ሄዳችሁ እንድታዩ ነው። በቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቅ ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ ታይቶ ይሣላል። ክፉው ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ሰውየው ማን እንደሆነ ከመጻፉ በፊት በአቀማመጡ ነግሯችኋል። ክሊፕ ላይም ያንኑ ጠይቁ። ካሜራውን በሁለት ዓይኑ የሚያየው ማን ነው? ሁልጊዜ በጎን ብቻ የምትታየው ማን ናት? ብዙ የፍቅር ክሊፕ ላይ ወንዱ ፊት ለፊት ይዘፍናል፤ ሴቷ በጎን፣ በጀርባ፣ በእግር፣ በፀጉር ብቻ ትታያለች። ይህን አንድ ጊዜ ካያችሁት በኋላ ማለፍ አትችሉም።

ግጥሙና ምስሉ

አንድሩ ጉድዊን የተባለ የሙዚቃ ቪዲዮ አጥኚ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያስቀመጠው ጠቃሚ መለያ አለ። ምስሉ ግጥሙን እንዳለ ያሳያል፤ ወይም ያሰፋዋል፤ ወይም ከግጥሙ ጋር አይገናኝም። ዘፋኙ "ደጅሽ ላይ መሸብኝ" ቢልና ልጁ በር ላይ ተቀምጦ ቢታይ የመጀመሪያው ነው። በሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ቢቀርና የልጅቷ እናት ከውስጥ መብራቱን ስታጠፋ ብትታይ ሁለተኛው ነው፤ ግጥሙ ያላለውን ጨመረ። ቪላና ዋና ገንዳ ቢመጣ ሦስተኛው።

ለእኛ ዘፈን ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ግጥማችን ሰምና ወርቅ ይወዳል። ዘፋኙ "ዝናቡ መጣ፣ ግቢ" ሲል ነገሩ ስለ ዝናብ ላይሆን ይችላል። ዳይሬክተሩ ወዲያው ጃንጥላ ካሳየን ሰሙን አሳይቶ ወርቁን ቀበረው። እያንዳንዱን ስንኝ ከነምስሉ በሁለት ዓምድ ጻፉት። ሁለቱ ዓምዶች አንድ ዓይነት ከሆኑ አሰልቺ ነው። ጨርሶ ካልተገናኙ ደግሞ ክሊፑ ለየትኛውም ዘፈን ይሆናል።

ቦታ

እዚህ ላይ የከተማዬ ነገር ስለሆነ ትንሽ እቆጣለሁ። ድሮን ይነሳል፣ የፋሲልን ግንብ አንድ ጊዜ ይዞራል፣ ከዚያ ዘፈኑ ስለ ቡና ቤት ፍቅር ይቀጥላል። ግንቡ ምን ሠራ? ቆመ። ፖስት ካርድ ሆነ። ግቢው በዩኔስኮ ከተመዘገበ ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓለም በፎቶ አይቶታል፤ ሌላ ፎቶ አይጎድለውም።

መፈተኛዬ ይህ ነው፦ ቦታውን በሐሳባችሁ አውጡትና ባሕር ዳር አስገቡት። ክሊፑ ካልተቀየረ ቦታው አልሠራም። ቦታ ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ደረጃው ልጅቷን ያደክማታል፣ ጠባቡ በር ሁለቱን ያጋጫቸዋል፣ ወፍራሙ ግድግዳ ድምፅ ይመልሳል፣ በመስኮቱ የገባው ብርሃን የፊቷን ግማሽ ብቻ ያሳያል። ፒያሳም እንደዚሁ። ጣሊያን የሠራቸው ሕንጻዎች ጥግ ላይ ሰው ድንገት ይገናኛል፤ ለታሪክ የተመቸ ነው።

ቦታ ቀኑንም ይናገራል። የፋሲል መዋኛ ዓመቱን ሙሉ ውኃ የለበትም፤ ለጥር 11 ጥምቀት ተብሎ ከቀሃ ወንዝ ይሞላል። ክሊፑ ውስጥ ገንዳው ሞልቶ ካያችሁት ቀረጻው በጥምቀት ሰሞን ነው። ደረቅ ከሆነና ዘፈኑ ስለ ጥምቀት ከሆነ ደግሞ ዳይሬክተሩ እንዴት እንደሸወደ እዩ፤ ጠበብ አድርጎ የግንቡን አጥርና ድንጋዩን ያቀፈውን የዛፍ ሥር ብቻ ያሳያል። እንዲህ ያለውን መሸወድ አከብራለሁ።

አጻጻፉ

ደብተራችሁ ሞልቷል እንበል። አሁን ሁሉንም አትጻፉት። ከሁሉ የሚበልጠውን አንድ ሐሳብ ምረጡ፤ ከዚያ እሱን የሚደግፈውን ብቻ ውሰዱ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይያዝ፦ የታየው ምንድን ነው፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው፣ ተመልካቹ ላይ ምን አደረገ።

"ክሊፑ የሚያምር ቀለምና ምርጥ ካሜራ አለው" የሚለው ጽሑፍ ከሙሽራው "አሪፍ ነዋ" አይሻልም። ከውጭ አገር ተመልሶ የልጅነት ጓደኛውን ስለሚፈልግ ልጅ የተሠራ አንድ ክሊፕ እናስብና እንዲህ እንጻፍ፦

"በሁለቱ ቨርሶች ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ልጁ ወደ ፍሬሙ ይገባል፣ ይፈልጋል፣ ይወጣል። 1፡05 ላይ አዝማቹ ሲጀምር ካሜራው በእጅ ተይዞ ከኋላው ይሮጣል፤ አንዱ ሾት ከ5 ሴኮንድ ወደ 2 ሴኮንድ ያጥራል። ተመልካቹ እስከዚያ ድረስ ቆሞ ያይ ነበር፤ አሁን አብሮ መፈለግ ይጀምራል። 3፡20 ላይ ግን አዝማቹ ሲመለስ ካሜራው እንደገና ይቆማል። ዘፈኑ ጮኾ ምስሉ ዝም ሲል ልጁ እንዳላገኛት ግጥሙ ሳይናገር እንረዳለን።"

"ግሩም" የሚል ቃል የለበትም፤ ግን ክሊፑን ያላየ ሰው አየው።

ከመጨረሳችሁ በፊት ከቪዲዮው ሥር ያለውን መግለጫ አንብቡ። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ካሜራ፣ ኤዲቲንግና ዳይሬክተር ማን እንደሆኑ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ብርሃኑን ካመሰገናችሁ ያበራውን ሰው ስም ጥቀሱ፤ አቆራረጡን ከተቻችሁም እንዲሁ። ሁሉን ነገር ለዘፋኙ መስጠት የተለመደ ነው፤ ዘፋኙ ግን ብዙ ጊዜ ኤዲቲንግ ክፍሉን አይቶት አያውቅም። ከዚያ የጻፋችኋቸውን ደቂቃዎች አንድ በአንድ ከፍታችሁ ከቪዲዮው ጋር አመሳክሩ። 1፡05 ብላችሁ 1፡15 ከሆነ አንባቢ ሌላውንም አያምናችሁም።